የአንድ ዓመት እንግዳ እንዴት ይሰናበት?



ሰው ወደማያውቀው አገር ሲገባ እንዴት መቀበል እንደሚገባ በየጊዜው ይነገራል። እንግዳ ተቀባይነታችንን ስናወድስ ውለን ብናድር አይሰለቸንም። እንግዳው ዓመቱን ጨርሶ ሲወጣ እንዴት መሰናበት እንደሚገባው ግን የሚናገር ሰው ብዙ አላጋጠመኝም። ይህ ጉዳይ ደግሞ ከማንም ይልቅ እኛን ዕጩ መምህራንን ይመለከታል። ለምን ቢባል፣ ከዚህ ተቋም ስንወጣ አብዛኞቻችን የምንመደበው በተወለድንበት ቀበሌ አይደለም። አንዱ ዓመት፣ ሌላው ሁለት ዓመት ሠርቶ ዝውውር ይጠይቃል፤ ይሄዳል። የመምህርነት ግማሹ መግባትና መውጣት ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

በእኛ በምሥራቅ ጎጃም አነጋገር «አገር» ሲባል ኢትዮጵያ ማለት ብቻ አይደለም። የቢቸና ልጅ ሞጣ ሲሄድ «ከአገሩ ወጣ» ይባላል። ሁለቱም ከደጀን ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው በአንድ መንገድ ላይ የሚገኙ ከተሞች ናቸው፤ ቢቸና በእነማይ፣ ሞጣ በሁለት እጁ እነሴ። ቋንቋው አንድ፣ እንጀራው አንድ ነው። ይሁን እንጂ እናት ልጇን ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሸኝ የምታለቅሰው ባሕር ማዶ እንደሚሻገር ሰው አድርጋ ነው። ስለዚህ ባዕድ አገር ለመግባት የግድ ባሕር መሻገር አያስፈልግም፤ ጎረቤት ስምህን የማያውቅበት ቦታ ሁሉ ለጊዜው ባዕድ ነው።

የዛሬው አስተያየቴ ባጭሩ ይህ ነው፦ መምህር ሥራውን የሚጨርሰው አስተምሮ ብቻ ሳይሆን ተሰናብቶ ነው። ሳይሰናበት የሄደ መምህር ጀምሮ የተወ ነው እንጂ ሠርቶ የጨረሰ ሊባል አይገባውም። ምክንያቶቼን በተራ አቀርባለሁ።

ከአባቶቻችን ልጀምር። ጎጃም የቅኔ አገር መሆኑ የታወቀ ነው። በቢቸና አካባቢ የሚገኘው ዲማ ጊዮርጊስ ለብዙ ዘመን ተማሪ ከየአገሩ ሲጎርፍበት የኖረ ደብር ነው። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በማያውቀው ሰው ደጃፍ እየለመነ ይማራል። ያች ስሙን እንኳ የማታውቀው እናት ቁራሽ እየሰጠች ዓመቱን ታሳልፈዋለች። ታዲያ ይህ ተማሪ ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው ሲሻገር ዝም ብሎ አይጠፋም። ከየኔታ ፊት ቀርቦ ጉልበት ስሞ ይመረቃል። ሳይመረቅ የሄደ ተማሪ ትምህርቱ አይከናወንለትም ተብሎ ይታመናል። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበ ሁሉ የማንኩሳውን በዛብህን ያስታውሳል። በአገራችን ልብ ወለድ ከሁሉ ይልቅ ስሙ የሚነሣው መምህር በዲማ እንግዳ ነበር ማለት ነው። እኛም የምንሆነው እንደዚያው የሰው አገር እንግዳ ነው።

በባላገሩ ዘንድ ሽኝት ማለት ድግስ ብቻ አይደለም። ሒሳብ መዝጋት ነው። ተሸኚው የተበደረውን ይመልሳል። ወንፈል የገባ እንደሆነ የተሠራለትን ያህል ሠርቶ ይከፍላል። የጽዋ ማኅበር ካለበት ተራውን ያወጣል። የተቀያየመው ሰው ካለ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ይባባላል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው በሶውና ዳቦ ቆሎው የሚቋጠረው። ሽማግሌው «እግርህን እንቅፋት አይምታው፣ መንገድህን ያቅናልህ» ብሎ ይመርቃል። ሸኚውም ከደጃፍ አይመለስም፤ ጥቂት መንገድ አብሮ ይሄዳል፣ ወንዝ ካለም ያሻግራል። እነዚህ ነገሮች ተራ ልማድ ሊመስሉን ይችላሉ። ነገር ግን ሁሉም የሚመልሱት አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ሰው ነገ ተመልሶ ቢመጣ በምን ፊት ይገባል?

የአንድ ዓመት እንግዳ መምህር ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያን ጊዜ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይባል የነበረው ተቋም ተማሪዎች ዲግሪያቸውን ከመቀበላቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ይደረግ ነበር፤ አብዛኞቹም የሚያገለግሉት በመምህርነት ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1955 ዓ.ም. መባቻ ፒስ ኮር፣ ማለትም የሰላም ጓድ የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት ከ270 የሚበልጡ ወጣቶችን መምህር አድርጎ ልኮ ነበር። ቀጥሎም ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ተጀምሮ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተሰማርተዋል።

ከነዚህ የምንማረው ሁለት ዓይነት አወጣጥ ነው። ከሰላም ጓዶች መካከል ብዙዎቹ ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ከተማሪዎቻቸው ጋር ለረጅም ዓመታት ተጻጽፈዋል፤ በኢትዮጵያና በኤርትራ ያገለገሉት ማኅበር እስከ ማቋቋም ደርሰዋል። በአንጻሩ በእድገት በኅብረት ዘመቻ ጊዜ በመሬት ጉዳይ በተነሣው ግጭትና በፖለቲካው መከፋፈል ምክንያት ብዙ ዘማቾች ጊዜው ሳይሞላ ጣቢያቸውን ጥለው ሄደዋል። ማን ትክክል ነበር የሚለውን ታሪክ አዋቂዎች ይነጋገሩበት። እኔ የምለው፣ ፊደል ቆጥሬ ስሜን ልጽፍ ነው ብሎ እንጨት ላይ ተቀምጦ ይጠብቅ የነበረው ገበሬ ቦታ ሆነን እናስበው ነው። አስተማሪው አንድ ቀን ጠዋት አልመጣም። ለምን እንዳልመጣ የነገረው ሰው የለም። ያ ገበሬ ለሚቀጥለው አስተማሪ በሩን በዚያው ልብ ይከፍታልን?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ተገድዶ የሄደን ሰው ማንም አይወቅሰውም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በተስፋፋ ጊዜ ይኸው የሰላም ጓድ በመላው ዓለም የነበሩትን ወደ 7,000 የሚጠጉ በጎ ፈቃደኞቹን፣ በኢትዮጵያ የነበሩትንም ጭምር፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ አስወጥቷል። ለመሰናበት ጊዜ ያልነበራቸው ብዙዎች ነበሩ። በእኛም ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው መምህራን ሳይወዱ በግድ የነበሩበትን ቦታ ለቀዋል። ይህ ሁሉ የሚያሳየው ግን መሰናበት ዕድል መሆኑን ነው። ዕድሉን ያገኘ ሰው ሳይጠቀምበት ሲቀር ነው የሚያሳዝነው።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ ቃርሜ አይደለም። እኔ ያደግሁት በቢቸና አካባቢ ነው። 2015 ዓ.ም.ን ግን የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ ያሳለፍሁት ሞጣ አክስቴ ቤት ነው። ዓመቱ ሲያልቅ አክስቴ «የጎረቤቱን ደጅ ሁሉ ሳትረግጥ መኪና እንዳትሳፈር» አለችኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ዞርሁ። ጠዋት ጠዋት ቡና የሚያጠጡኝን እማማ፣ ደብተር በዱቤ ይሰጡኝ የነበሩትን ባለሱቅ ሙስሊም አባትና ባለቤታቸውን፣ የትምህርት ቤቱን ዘበኛ፣ ጥምቀት ላይ አብረን ታቦት የሸኘናቸውን ልጆች ሁሉ ተሰናበትሁ። እውነቱን ለመናገር አድካሚ ነበር። በየቤቱ «ቅመስ» ይባላል፤ አልበላም ማለት አይቻልም። ባለሱቁ የመጨረሻውን ሒሳብ ሲቀበሉኝ ተምር በወረቀት ጠቅልለው ለእናቴ ላኩ። እናቴ ከዚያ ቀን ወዲህ ስማቸውን በምርቃቷ ውስጥ ትጠራቸዋለች፤ አይታቸው ግን አታውቅም።

ከሌላ ወረዳ መጥቶ አብሮኝ ይማር የነበረ ጓደኛዬ ደግሞ «ምን አስቸኮለህ፤ ክረምቱ ሲያልፍ ለትራንስክሪፕት እንመለስ የለ እንዴ፤ ያን ጊዜ እንሰናበታለን» ብሎኝ ነበር። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። መንገድ ተዘጋ፣ ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። ጓደኛዬ ሞጣን እንደገና ያየው ከዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ዓመቱን ሙሉ ያለ ኪራይ ያህል በትንሽ ብር ያኖሩት አሮጊት በዚያ መካከል ዐርፈው ነበር። «ለቀብራቸው እንኳ አልደረስሁም፤ አመሰግናለሁም አላልኋቸውም» ይላል እስከ ዛሬ። እሱን ልወቅሰው አይደለም፤ ማንም ወጣት የሚለውን ነው ያለው። ነገር ግን «ሌላ ጊዜ» የሚባለው ቀን በእጃችን አለመሆኑን እንድናውቅ ነው።

አሁን ወደ መምህሩ እመለሳለሁ። ሁለተኛ ደረጃ ስማር በአንድ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህራችን በሁለተኛው መንፈቅ መካከል ሌላ ሥራ አግኝቶ ሄደ። መሄዱ መብቱ ነው፤ የመምህር ኑሮ እንዴት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አይፈርድበትም። ግን ማንም አልነገረንም። ወደ ሁለት ሳምንት ገደማ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ቁጭ ብለን ጠበቅነው። የክፍል አለቃችን ጥቁር ሰሌዳውን አጽድቶ ጠመኔ እያዘጋጀ ይቀመጥ ነበር። አዲሱ መምህር ሲመጣ የት ገጽ እንደደረስን የሚያውቅ ወረቀት አላገኘም፤ የፈተና ውጤታችንም ግማሹ ጠፍቶ ነበር። ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። አዲሱ መምህር ጎበዝና ትጉህ ሰው ሆኖ ሳለ፣ ልጆቹ «ይኸም ነገ ይሄዳል» እያሉ ለወራት ልባቸውን አልሰጡትም። የመጀመሪያው ሰው ያልከፈለውን ዕዳ ሁለተኛው ሰው ከፈለ።

በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ የማለፊያውን ግማሽ ውጤት ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ መሆናቸው ይታወሳል። ይህ የሆነው መምህራን ሳይሰናበቱ ስለሚሄዱ ነው ብዬ አልሳሳትም፤ ብዙ ምክንያት አለው። ሆኖም ተማሪው ቀጣይነት የሌለው ትምህርት ሲማር ከርሞ በፈተና ቀን ብቻ ቀጥ ብሎ እንዲቆም መጠበቅ ከፍትሕ የራቀ ነው። መሰናበት ከትምህርት ጥራት ጋር ምን አገናኘው የሚል ካለ፣ መልሱ ይኸው ነው።

ከሞጣ ወደ ደቡብ ጎንደር የሚያሻግረውን ሰባራ ድልድይ የማያውቅ የአካባቢው ሰው የለም። በጣልያን ወረራ ዘመን መካከሉ ከተቆረጠ በኋላ ሰው ለብዙ ዓመታት በገመድ እየተጎተተ ነበር ዓባይን የሚሻገረው። እ.ኤ.አ. በ2002 ተጠገነ፤ በ2005 ደግሞ ጎርፍ ወሰደው፤ በ2009 ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። በአንድ ቀን የተቆረጠን ነገር ለመቀጠል ስንት ዓመት እንደፈጀ ልብ በሉ። በመምህርና በሕዝብ መካከል ያለውም መተማመን እንዲሁ ነው።

የተቃራኒውን ወገን ሐሳብም ሳልጠቅስ ማለፍ አይገባኝም። አንዳንድ ጓደኞቼ «ስንብት ሆድ ያባባል፤ ዝም ብሎ መሄድ ይሻላል» ይላሉ። ለማን ነው የሚሻለው? ለሚሄደው ነው እንጂ ለሚቀረው አይደለም። ሌሎች ደግሞ «ስልክ አለ፤ ቴሌግራም አለ፤ መሰናበት ድሮ ቀረ» ይላሉ። ቴሌግራም ለእኩዮቻችን ይደርሳል። እንጀራ ጋግረው ላበሉን እናት፣ በጨለማ በር ለከፈተልን ዘበኛ ግን አይደርስም። ኔትወርክም ሲጠፋ አይተናል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን «ሽኝት ወጪ ነው» የሚለው ነው። በዚህ ላይ ከተናጋሪዎቹ ጋር በከፊል እስማማለሁ። ዛሬ ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የሚታየው ሽኝት መልኩን ለውጧል። የክፍል አለቃው ስም ዝርዝር ይዞ ብር ይሰበስባል። ጋቢ ይገዛል፣ የግድግዳ ሰዓት ይገዛል፣ ኬክ ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሣል። የሌለው ልጅ በዚያን ቀን ከትምህርት ቤት ይቀራል። አስቡት እንግዲህ፤ መምህሩን አጥብቆ የሚወደው ልጅ ሃያ ብር አጥቶ ከመምህሩ ሽኝት ሲቀር! ይህ ሽኝት ሳይሆን ግብር ነው። ባህላችንም አይደለም። በባህላችን ሸኚው ያለውን ያወጣል እንጂ ተሰልፎ አይከፍልም፤ የሌለውም ሰው ጥቂት መንገድ አብሮ በመሄዱ ከባለጸጋው እኩል ሸኚ ነው።

ስለዚህ በበኩሌ የሚከተሉትን ሐሳቦች አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ መሄጃ ቀናችንን እንዳወቅን ለርእሰ መምህሩና ለተማሪዎቻችን በግልጽ እንናገር። ልጆችን ሕፃን ናቸው ብሎ መደበቅ አይገባም። ውጤት ተሞልቶ፣ ሮስተር ተዘጋጅቶ፣ የደረስንበት ምዕራፍና ገጽ ተጽፎ ይቀመጥ።

ሁለተኛ፣ የሱቅ ዱቤ፣ የተዋስነው መጽሐፍ፣ የዕቁብና የእድር ግዴታ ከመሄዳችን በፊት ይዘጋ። «መምህሩ ዕዳ ጥሎ ሄደ» ከመባል የከፋ ስም የለም። የሚነካውም የአንዱን ሰው ስም ብቻ ሳይሆን የሙያውን ነው። የበሉበትን ወጪት ሰባሪ መሆን ለማንም አይበጅም፣ ለመምህር ግን ጭራሽ አይሆንም።

ሦስተኛ፣ ቤት ለቤት ዞረን እንሰናበት። በዕድሜ ከገፉት እንጀምር። ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም፣ ባለሥልጣኑንም እንጨት ሻጯንም አንለይ።

አራተኛ፣ የብር መዋጮ ይቅር። መምህሩ ራሱ «አልቀበልም» ካለ ማንም አያስገድደውም። ልጆቹ ስጦታ ካልሰጠን ካሉ ጥቂት መንገድ አብረውት ይሂዱ፤ ይበቃል።

አምስተኛ፣ ለተተኪው መምህር አንድ ደብተር ትተንለት እንሂድ። በዚያ ደብተር ላይ የገበያ ቀን መቼ እንደሆነና በዚያ ቀን ስንት ተማሪ እንደሚቀር ይጻፍ። በኅዳርና በታኅሣሥ በአጨዳና በውቂያ ምክንያት የትኞቹ ልጆች እንደሚጎድሉ ይጻፍ። በጊዮርጊስ፣ በሚካኤል፣ በማርያም ቀን ገበሬው ሞፈር ስለማይነካ የወላጅ ስብሰባ ለመጥራት አመቺ መሆኑ ይጻፍ። ወንዝ የሚሻገሩት ልጆች እነማን እንደሆኑ፣ ክረምቱ ሳይወጣ የትኛው ወንዝ እንደሚሞላ ይጻፍ። እኛ ዓመት ሙሉ እየተሳሳትን የተማርነውን ተተኪው በአንድ ማታ ያነበዋል። አንድ ደብተር ስንት ብር ነው?

ስድስተኛ፣ የማንፈጽመውን ቃል አንግባ። «ለመስቀል እመጣለሁ» ብሎ ያልመጣን ሰው ልጆች ለብዙ መስቀል ሲጠብቁት ይኖራሉ። «መምጣቴን አላውቅም፤ ግን አልረሳችሁም» ማለት ይሻላል። እሱንም ያለ ሰው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለእንቁጣጣሽ እንኳ፣ ይደውል።

በመጨረሻም ይህን ሁሉ ለመለማመድ የምደባውን ዕጣ መጠበቅ የለብንም። እኛም በዚህች ከተማ እንግዶች ነን። ካፌ ውስጥ ምግብ የሚያቀርቡልን እኅቶች፣ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኞች፣ ቤት ያከራዩን እናቶች፣ ማታ በር የሚከፍቱልን ዘበኞች አሉ። ባለፈው ዓመት የተመረቁት አብዛኞቹ ጋዋናቸውን እንደለበሱ ፎቶ ተነሥተው መኪና ተሳፈሩ። ምግብ ከሚያቀርቡልን አንዷ «ስማቸውን እንኳ ሳይነግሩኝ ሄዱ» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ዘንድሮ ከምረቃው በፊት ያለውን ሳምንት የስንብት ሳምንት ብናደርገው ምን ይለናል? ድግስ አያስፈልገውም፣ በጀት አያስፈልገውም፣ ፈቃድም አያስፈልገውም። እግር ብቻ ነው የሚፈልገው።

በዚህ አስተያየት የማይስማማ ጓደኛ ካለ ይጻፍ። የግድግዳ ጋዜጣችን ቦታ አለው፤ እኔም ለማንበብ ዝግጁ ነኝ።